ከድንኳኑ በፊት ደንቡ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የካምፕ ሥፍራዎች ምን ያስፈልጋቸዋል?

ደሴ ከተማ የተወለደችው በድንኳን ሥር ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአካባቢው ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ የታየው ጅራታም ኮከብ ደስ አሰኝቷቸው ቦታውን "ደሴ" እንዳሉት ይነገራል። "ከተማ" የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ የያዘውን ትርጉም ከማግኘቱ በፊት የንጉሥና የሠራዊት የድንኳን ሰፈር ማለት ነበር።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን ከቤት ወጥቶ በሜዳ ማደር በወሎ አልተቋረጠም። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ከመላ ሀገሪቱ የሚመጣው ምእመን በአምባው ላይና በዙሪያው ያድራል። በመውሊድ ሰሞን ወደ ጀማ ንጉሥ የሚተመው ሕዝበ ሙስሊም በዚያው ያድራል። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በድንኳን ሲያድሩ ሕዝቡም አብሯቸው ያድራል።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ድንኳን በርክቷል። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች በቡድን እየተደራጁ ተራራ የሚወጡ፣ ሐይቅ ዳር የሚያድሩ፣ ለእረፍትና ለመዝናናት የሚጓዙ ሰዎች ባለፉት ዓመታት ጨምረዋል። ደቡብ ወሎ ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ የሚሆን ቦታ አያጣም። ከደሴ በላይ ጦሳ ተራራና አዝዋ ገደል፣ ከኮምቦልቻ አጠገብ የየጎፍ ደን፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ፓርክ ይገኛሉ። ሎጎ ሐይቅ በ"ገበታ ለትውልድ" ፕሮጀክት ከታቀፉት ሥፍራዎች አንዱ መሆኑም የአካባቢውን ተስፋ ከፍ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ለካምፕ ሥፍራ ድንኳንና መልክዐ ምድር ብቻ አይበቁም። እንግዳው የት ይተክላል? በምን ያበስላል? የት ይጸዳዳል? ቆሻሻውን ማን ያነሣል? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላገኙበት ሥፍራ ለጥቂት ጊዜ ቢደምቅም ጉዳቱ ዞሮ የሚያርፈው በአካባቢው ገበሬ ላይ ነው።

የቆየው የሰፈር ሸክም

በቀደሙት ዘመናት የንጉሥ ሰፈር ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፣ ቀኝና ግራው በየወገኑ፣ ማዕድ ቤቱ በየሥፍራው ይተከል ነበር። ሥርዓቱ ግን የሚያስጠብቀው የሰፋሪውን ክብር እንጂ ሰፈሩ ያረፈበትን መሬት አልነበረም። ሰፈሩ በአንድ ቦታ ሲቆይ የዙሪያው እንጨት ያልቃል፣ ሣሩ ይጋጣል፣ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል። የነገሥታቱ መቀመጫ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ ማለቅ እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት ይገልጻሉ። አዲስ አበባም በቦታዋ ጸንታ እንድትቀር የባሕር ዛፍ መምጣት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የዛሬው እንግዳ ሠራዊት አይደለም፤ ግብርም አያስገብርም። ጥቂት ሌሊት አድሮ ይመለሳል። ነገር ግን በየሳምንቱ የሚመጣ ጥቂት እንግዳ በአንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ውጤቱ ከብዙ ሰው ሰፈራ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማይኔክ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ በካምፕ ሥፍራዎች ያሉ ታላላቅ ዛፎች ለምን እንደሚዳከሙ ሲመረምር መንሥኤው የመኪናና የእግር ርግጫ መሆኑን ደረሰበት። የተረገጠ መሬት ይጠጥራል፤ ውኃና አየር ወደ ሥር አይዘልቅም፤ ዛፉም ቀስ በቀስ ይደርቃል። ከብት በተደጋጋሚ የሚመላለስበት ጥግ ለምን ሣር እንደማያበቅል የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት ምሁር አያስፈልገውም።

ማይኔክ እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው መፍትሔ እንግዳን መከልከል አልነበረም። መኪና የሚሄድበት መንገድ፣ የሚቆምበት ቦታ፣ ድንኳን የሚተከልበት መደብ፣ እሳት የሚነድበት ምድጃና ጠረጴዛው ሁሉ አንድ ጊዜ ተወስነው እንዲቀመጡ ነበር ያስተማረው። ጉዳቱ በተወሰነች መሬት ላይ ሲያርፍ የቀረው ደን ይድናል። ዛሬ በብዙ ሀገር የሚታየው የካምፕ ሥፍራ አሠራር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ስሜንና ጓሳ ያስተማሩት

በአማራ ክልል ውስጥም ከሩቅ ሀገር ያላነሰ ትምህርት አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ወደ ፓርኩ የሚገባ እንግዳ ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይከፍላል፣ የታጠቀ ጥበቃ አብሮት ይሄዳል፣ የሚያድረውም ሳንቃ በርን፣ ግጭንና ጨነቅን በመሳሰሉ ተለይተው በታወቁ የድንኳን ቦታዎች ነው። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ አከራዩ ከአካባቢው የሚወጡ በመሆናቸው እንግዳው የሚያወጣው ገንዘብ በመንገዱ ላይ በየእጁ ይደርሳል።

ስሜን የማስጠንቀቂያ ትምህርትም ሰጥቷል። ፓርኩ በሰፈራ፣ በልቅ ግጦሽና በዱር እንስሳቱ መመናመን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሣው እሳት ደግሞ በገበሬው፣ በተማሪውና በጥበቃው ርብርብ ብቻ ሳይበገር ቀርቶ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ አድርሷል። በከፍታ ቦታ የተነሣን እሳት ማጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከደቡብ ወሎ ይበልጥ የሚቀርበው የመንዝ ጓሳ ነው። በዚያ ሕዝቡ "ቄሮ" በተባለ ባህላዊ ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበት ቀን ይታወጃል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ ሥርዓቱ ሲለወጥ የቄሮ ሥልጣን ቢያከትምም ኅብረተሰቡ በሌላ አደረጃጀት ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬ በጓሳ የኅብረተሰብ ማረፊያና የድንኳን ቦታ አለ፤ እንግዳው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ ይመጣል፤ ማረፊያው የኅብረተሰቡ ነው።

የሁለቱ ቦታዎች ልምድ ሲጣመር አንድ ነገር ያሳያል። ደንብ የሚከበረው በወረቀት ስለተጻፈ ሳይሆን በአጠገቡ የሚኖረው ሰው "የእኔ ነው" ብሎ ስለሚጠብቀው ነው።

መውጫ የሌለው ሐይቅ

የሐይቅ ሐይቅ በተፈጥሮው ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣውን ጨምሮ ወንዞች ወደ እርሱ ይገባሉ እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የገባ ሳሙና፣ ዘይት፣ ፕላስቲክ ወይም የሰው ዐይነ ምድር ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ አያገኝም። ከዚሁ ሐይቅ ገበሬው ከብቱን ያጠጣል፣ መስኖ ይጠልፋል፤ ዓሣ አጥማጁም ቆሮሶ አውጥቶ ይሸጣል። በዳርቻው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራ የትምህርትና የጸሎት ቦታ ነው።

በሐይቁ ዳር ለሚታሰብ ማንኛውም የድንኳን ማደሪያ የመጀመሪያው ሥራ ስለዚህ መጸዳጃ ቤትና ውኃ ነው። መለኪያውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በአደጋ ጊዜ ለተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ የሚያገለግለው "ስፌር" የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ያዛል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውኃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ግርጌውም ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል።

ይህ ለተቸገረ ሰው የተቀመጠ ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ከፍሎ ለሚመጣ እንግዳ ከዚህ ሊያንስ አይገባም። በአንድ ሌሊት 40 ሰው የሚያድርበት ቦታ ቢታሰብ ቢያንስ ሁለት መጸዳጃ ቤት እና 600 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያስፈልገዋል። መጸዳጃው ለሴትና ለወንድ የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሌሊት መብራት ያለው ሊሆን ይገባል። ይህን ማሟላት የማይችል ቦታ ገና ለእንግዳ አልደረሰም ማለት ነው።

"ካምፕ" የሚለው ቃል በዚህ አካባቢ የመዝናኛ ትርጉም ብቻ እንደሌለውም መዘንጋት የለበትም። በሐይቅ አቅራቢያ በጃሪ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በድንኳን ኖረዋል። የተቸገረ ሰው ውኃ በሚቀዳበት ጣቢያ መዝናኛ ሊቀድም አይገባም፤ የተፈናቀለን ሰው ያለ ፈቃዱ ፎቶግራፍ ማንሣትም ነውር ነው።

እሳት፣ ማገዶና የባሕር ዛፍ ጭፍ

የየጎፍ ደን የሐበሻ ጥድና ሌሎች ሀገር በቀል ዛፎች ከቀሩባቸው የወሎ ደኖች አንዱ ነው። ደኑ ለኮምቦልቻና ለቃሉ ሕዝብ የዝናብ ውኃን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ጎተራ ነው። በበጋ ወራት ሣሩ በደረቀበት ጊዜ ሳይጠፋ የተተወ አንድ የእሳት ፍም ብዙ ዓመት የፈጀውን ዛፍ በአንድ ቀን ያወድማል። በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በደን ላይ እሳት ማስነሣትን በሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት አድርጎታል።

ነገር ግን ብርዳማ በሆነ ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው "እሳት ክልክል ነው" ማለት ብቻ አይበቃም። አማራጭ ካልተሰጠው ተደብቆ ያነዳል። የተሻለው መንገድ ከደኑ ርቆ፣ ሣሩ በተመነጠረ ሜዳ ላይ፣ በድንጋይ የታጠረ የጋራ ምድጃ ማዘጋጀት ነው። ማገዶውም ከደኑ አይለቀም፤ በአቅራቢያው ያለው ገበሬ ከራሱ የባሕር ዛፍ ማሳ ቆርጦ፣ ፈልጦ፣ በተተመነ ዋጋ ይሸጥ። በዚህ መንገድ ደንቡ ለገበሬው ክልከላ መሆኑ ይቀርና ገቢ ይሆናል፤ ደኑም ጠባቂ ያገኛል። ነፋስ በበረታበት ቀን ግን ምድጃውም መዘጋት ይኖርበታል። አካፋና ውኃ የሞላ በርሜል ከምድጃው አጠገብ ሳይኖር እሳት ሊነድ አይገባም።

ገደል፣ ጎርፍና ጭጋግ

ጦሳና አዝዋ ገደል ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። በክረምት በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ዳገቱ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቦርከናም ሞልቶ ይፈሳል። በዚህ ወቅት ከገደል ሥር፣ በጎርፍ ቦይ ወይም በወንዝ ዳር ደረቅ መስሎ በሚታይ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በገደሉ አፋፍም ቢሆን ጭጋግ በድንገት ሲወርድ አንድ እርምጃ የሚያስቀጥፍ ነው።

ስለዚህ የሚተከልበትን ቦታ እንግዳው በዓይኑ ለክቶ ሊመርጠው አይገባም። የአካባቢውን ጎርፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና የከተማ አስተዳደሩ ባለሙያዎች አብረው ቢመርጡ፣ መደቡ በድንጋይ ቢከለል፣ ከአፋፉ ያለው ርቀት በገመድ ወይም በአጥር ቢታወቅ ብዙ አደጋ ይቀራል። በክረምት የሚዘጋና ከመስከረም በኋላ የሚከፈት የጊዜ ሰሌዳም ለመሬቱም ለእንግዳውም ይበጃል።

የእንግዳው ጠባይ የገበሬው ሰብል ነው

እንግዳ የሚያደርጋት ትንሽ ነገር ገበሬውን ብዙ ልታስከፍለው ትችላለች። ለጦጣና ለዝንጀሮ ዳቦና ሙዝ መወርወር ለልጆች ደስ የሚያሰኝ ጨዋታ ይመስላል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ግን እንግዳው ሲሄድ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ማሳ ነው፤ ማሽላውን ሲጠብቅ የሚውለውም የገበሬው ልጅ ነው። የተረፈ ምግብ ሜዳ ላይ ሲጣል ጅብን ወደ በጎች በረት ያቀርባል። ፌስታል የዋጠች ላም ሆዷ ታፍኖ ትሞታለች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን የከለከለው እንዲህ ያለው ጉዳት በየቦታው በመብዛቱ ነው።

ስለዚህ "ይዘህ የመጣኸውን ይዘህ ተመለስ" የሚለው ደንብ የመጀመሪያው ሊሆን ይገባል። የታጨደ የሚመስል ሜዳ የሰው ግጦሽ ወይም የፆመ ማሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠየቅ ድንኳን አይተከልበትም። በገዳምና በመስጊድ አጠገብ የሚያድር እንግዳ የጸሎትንና የአዛንን ሰዓት ያከብራል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከፍ ያለ ሙዚቃ ያቆማል። የወሎ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ ነው። ያ መልካም ስም እንዲቆይ ግን እንግዳውም እንግዳነቱን ሊያውቅ ይገባል።

ገንዘቡ የማን ነው?

ደንብና አገልግሎት ሁሉ የሚቆመው በክፍያ ነው። መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ፣ ሌሊት የሚጠብቅ፣ ቆሻሻ የሚጭን ሰው ያለ ደመወዝ አይሠራም። እንግዳው ለሌሊቱ የሚከፍለው ገንዘብ በደረሰኝ ካልተሰበሰበ፣ ተመኑም በመግቢያው ላይ በግልጽ ካልተለጠፈ ሁለት ነገር ይከተላል፤ እንግዳው ተጭበረበርሁ ይላል፣ ኅብረተሰቡ ደግሞ አልደረሰኝም ይላል። በዚያን ጊዜ ዛፍ የሚቆርጠውን የሚከለክል፣ ለጠፋው ድንኳን የሚቆረቆር ሰው አይገኝም።

የሚሻለው ከገቢው ምን ያህሉ ለጥበቃና ለጽዳት፣ ምን ያህሉ ለቀበሌው የጋራ ሥራ እንደሚውል አስቀድሞ በሕዝብ ፊት መወሰን ነው። የእንስሳት ክትባት ቦታ፣ የምንጭ ማጎልበት ወይም የትምህርት ቤት ጥገና በእንግዳው ገንዘብ መሠራቱን ያየ ገበሬ ለደኑ ያለ ደመወዝ ጥበቃ ይቆማል። ከክፍያው ውጭም እርጎ፣ ማር፣ ቆሎ፣ ዳቦና ቡና የሚሸጡ እናቶች፣ በቅሎ የሚያከራዩ ገበሬዎች፣ መንገድ የሚመሩ ወጣቶች በተራ የሚሠሩበት ማኅበር ያስፈልጋል። ተራው ካልታወቀ ግን እንግዳው ጠብ ይዘራል።

በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚበቃ ደንብ

ለእንግዳ የሚሰጥ ደንብ ረጅም ሊሆን አይገባም። በመግቢያው ላይ በአማርኛ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በሌሎች ቋንቋዎች የሚከተለው ቢጻፍ ለጅማሬ ይበቃል፦

1. ከመግባትዎ በፊት ይመዝገቡ፤ ይክፈሉ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ።
2. ድንኳን የሚተከለው በተከለለው መደብ ላይ ብቻ ነው።
3. እሳት የሚነደው በጋራ ምድጃ ብቻ ነው፤ ማገዶ ከደን አይለቀምም፤ ከመተኛትዎ በፊት ፍሙን በውኃ ያጥፉ።
4. በመጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ፤ በሐይቅና በምንጭ ውስጥ ሳሙና አይጠቀሙ።
5. ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ፤ የዱር እንስሳትን አይመግቡ።
6. ማሳን፣ ግጦሽን፣ ገዳምንና መስጊድን ያክብሩ፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ።
7. አደጋ ሲያጋጥም ለጥበቃው ያሳውቁ፤ ያለ መሪ ሌሊት አይጓዙ።

ከሰሌዳው ጀርባ ግን አስተዳደሩ የሚያከብራቸው ግዴታዎች ሊኖሩ ይገባል። ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የሚያደርስ መጓጓዣ ሳያዘጋጁ ገንዘብ መቀበል እንግዳን ማታለል ነው። ደንብ የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ሲገዙለት ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት የተጎዱ ከተሞች ናቸው። እንግዳ የሚመጣው ሰላም ሲኖር፣ መንገዱም ሌሊትና ቀን ሲያስተማምን መሆኑ ግልጽ ነው። እንግዳው በብዛት ያልመጣበት ጊዜ ግን ባክኖ የሚቀር ጊዜ መሆን የለበትም። ሰው ከጎረፈ በኋላ የተረገጠን መሬት፣ የተቃጠለን ደን፣ የቆሸሸን ሐይቅ መመለስ ከባድ ነው። መደቡን መምረጥ፣ ጉድጓዱን መቆፈር፣ የገቢ ክፍፍሉን በቀበሌ ስብሰባ መወሰን ግን አሁን ሊሠራ የሚችል፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ ነው። የጓሳ አባቶች ሣሩን ያቆዩት ሣሩ ሳያልቅ በፊት ስለተማከሩ ነው። የየጎፍ ጥድና የሐይቅ ውኃም የሚጠብቁት ይህንኑ ምክክር ነው።